የአባታችንን ቮልስ እስከ ምን ድረስ እናድስ?

ጥያቄ፦ አባታችን በ1961 ዓ.ም. የገዙትን ባለ 1300 ሲሲ ቮልስዋገን ትተውልን አርፈዋል። መኪናው ላለፉት 11 ዓመታት ግቢያችን ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሟል። ሰማያዊ ቀለሙ ደብዝዟል፤ የወለሉ ቆርቆሮ በአንድ በኩል ተበልቷል፤ የግራ የፊት ፓራፋንጎው ደግሞ ታናሽ እኅታችን በተወለደችበት ሌሊት አባታችን እናታችንን ወደ ሆስፒታል ለማድረስ ሲቸኩሉ ከግቢው በር ጋር ስላጋጩት እስከ ዛሬ እንደተጨረመተ ነው። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ወጪውን ሁሉ እችላለሁ፤ መኪናው ተፈታትቶ፣ ቀይ ተቀብቶ፣ አዲስ ወንበርና ዘመናዊ ቸርኬ ገብቶለት ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይሁን ይላል። እናታችን ግን ማንም እንዳይነካው ይላሉ። እኔ ከሁለቱ መሐል ቆሜ መወሰን አቅቶኛል። ምን ትመክሩናላችሁ?
ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እንመኛለን። ወንድምዎም እናትዎም የሚናገሩት ከፍቅር እንደሆነ ከደብዳቤዎ ይታያል። ይሁን እንጂ መኪናው እንደቆመ ከተተወ ዝገቱ ሥራውን አያቆምም፤ ሙሉ በሙሉ ተገፍፎ ከታደሰም አባትዎ የነዱት መኪና መሆኑን የሚመሰክረው ነገር ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ታሪካዊ ተሽከርካሪዎችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተቀበለው የቱሪን ቻርተር ያለውን ጠብቆ መንከባከብን ከእድሳት የሚያስቀድመው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የማቀርብልዎ መለኪያ ይህ ነው፦ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋውንና ብረት የሚበላውን ሳያመነቱ ይጠግኑ፤ የቀረውን ቢያንስ አንድ ዓመት እየነዱት እስኪለምዱት ድረስ እንዳለ ይተዉት።

ለሕይወት በሚያሰጋው ልጀምር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ በ11 ዓመት ውስጥ በየእግሩ ያሉት የፍሬን ሲሊንደሮች ከውስጥ ዝገው ሊሆን ይችላል፤ የላስቲክ ቱቦዎቹም አብጠው መተላለፊያውን ይዘጋሉ። እነዚህን ከነታሪካቸው ላቆይ አይበሉ፤ ሁሉም ይቀየሩ። ጎማዎቹም ጥርሳቸው ሙሉ ቢሆን እንኳ ላስቲኩ ስለደረቀ አይታመኑም። የቤንዚን ቱቦውን ለይቼ የማነሳው፣ ሞተሩ ከኋላ ባለበት በዚህ መኪና ላይ ያረጀ ቱቦ ተሰንጥቆ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ማንጠባጠቡ የታወቀ የቃጠሎ መነሻ ስለሆነ ነው። ዋጋው ትንሽ ነውና ከሁሉ አስቀድመው ያስቀይሩት።

ሞተሩን በተመለከተ፣ ባትሪ አምጥቶ ወዲያው ለማስነሳት የሚጓጓ ዘመድ ካለ ይከልክሉት። የቆየው ቤንዚን ይውጣ፤ 2.5 ሊትር ያህል የሚይዘው የሞተር ዘይት ይቀየር፤ ካንዴላዎቹ ተፈትተው በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይንጠብና ሞተሩ በመፍቻ፣ በእጅ ኃይል፣ ቀስ ብሎ ይዙር። ቮልስ በውኃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ፣ አየሩ የሚያልፍበትን የቆርቆሮ ሽፋን ውስጡን ሳያዩ አያስነሱት፤ ለዓመታት በቆመ መኪና ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ መተላለፊያውን ትዘጋለች፤ ሞተሩም ብዙ ሳይሄድ ይቃጠላል። ማራገቢያውን የሚያዞረው ዲናሞው ላይ ያለው ቺንጊያ ስለሆነ እሱንም አዲስ ያድርጉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሞተሩ ያለ ጭስና ያለ ኳኳታ ከሠራ ለምን ይፈታል? እኔ አላስፈታውም።

ወደ ዝገቱ ስመጣ፣ ተበልቷል ያሉት ወለል ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ያለው ከሆነ አይደንቀኝም፤ ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ነውና አሲዱ ሲፈስ ቆርቆሮውን ይበላዋል። ወለሉ ካልተጠገነ ባትሪው አንድ ቀን ወደ መንገድ ሊወርድ ይችላል። በየበሮቹ ሥር በረጅሙ የተዘረጉትን ሣጥን መሰል ብረቶችም ያስመርምሩ፤ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያመጡትም ለአካሉ ጥንካሬ የሚሰጡትም እነርሱ ናቸው። ባትላሜራው የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ በጤነኛ ቆርቆሮ እንዲበይድ፣ በምንም ምክንያት ቀዳዳ በስቱኮ እንዳይሞላ አስቀድመው ይዋዋሉ። ሥራውን ሲረከቡ ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ ስቱኮ በወፍራሙ በተለጠፈበት ቦታ ማግኔቱ አይይዝም።

እዚህ ላይ የራሴን ጸጸት ልንገርዎ። በወጣትነቴ ከአጎቴ የወረስነውን ፊያት 1100 «ጥርግ አድርገህ አድሰው» ብዬ ለአንድ ጋራዥ ሰጠሁ። መኪናው ተፈታ፤ ገንዘባችን መሐል ላይ አለቀ፤ የተፈታው ዕቃ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲዛወር ግማሹ ጠፋ፤ መኪናውም ዳግመኛ አልተገጠመም። ከሁሉ የሚቆጨኝ የአጎቴ መዳፍ ለዓመታት ያለሰለሰው መሪ ነው። ሶማሌ ተራ ሄጄ ሌላ መሪ ማግኘት እችላለሁ፤ ያንን ግን የትም አላገኘውም። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምለው፣ አንዱ ሥራ አልቆ መኪናው በራሱ ሳይንቀሳቀስ ሌላው ክፍል እንዳይፈታ ነው።

ቀለሙን በጥንቃቄ አጥበው በስሱ ቢወለውሉት፣ ደበዘዘ ያሉት ሰማያዊ ብዙ ቦታ ላይ ሊመለስ ይችላል። ብየዳ የነካቸው ቦታዎች ብቻ በዚያው ሰማያዊ ይቀቡ። ቀዩን ቀለም አልደግፍም፤ የመኪናው ቀለም በሊብሬው ላይ የተመዘገበ በመሆኑ መለወጡ ራሱን የቻለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ያስከትላል። የሞተሩ ቁጥርም የተመዘገበ ስለሆነ ሞተር ለመቀየር ያሰበ ቢኖር ይህንኑ ይወቅ። በነገራችን ላይ፣ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ወጥቶ ስሙ ካልዞረ ለጋራዥ ትልቅ ገንዘብ ባይከፍሉ ይሻላል፤ መኪናው ለጊዜው የወራሾቹ ሁሉ ነው።

የወንድምዎ ቸርኬ ሌላ ነገር ነው። በብሎን የሚገባ በብሎን ስለሚወጣ፣ የቀድሞዎቹ አራቱ በዘይት ተወልውለው በደረቅ ቦታ ከተቀመጡ መኪናው ምንም አይጎድልበትም። ወንበሮቹም የቀድሞ ልባሳቸው አባትዎ ሲቀመጡበት ከያዘው ቅርጽ ጋር እንዳለ ሆኖ በላዩ የሚወልቅ ሽፋን ይሰፋላቸው። የቀረው የወንድምዎ ገንዘብ ለወለሉና ለፍሬኑ ይዋል። የተጨረመተውን ፓራፋንጎ በተመለከተ፣ በቮልስ ላይ ፓራፋንጎ በብሎን የታሰረ እንጂ የተበየደ አይደለምና በማንኛውም ጊዜ ሳይቆረጥ ሊነሳ ይችላል፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም። እናትዎ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ኮተቤን አንድ ዙር ካዩ በኋላ፣ ይቃና ወይስ ይቆይ ብለው እሳቸውን ይጠይቋቸው።