ለተጠባባቂዋ በረኛ፦ ሥራውን ተቀበዪ፣ ምልመላውንም ጠይቂ

ውድ እህቴ፣ ከሜሪላንድ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። በኮሌጅሽ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ውስጥ አራት ዓመት ግብ ጠባቂ ነበርሽ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በተጠባባቂ ወንበር አሳልፈሻል። በመጪው ግንቦት በኪኒሲዮሎጂ፣ በሰውነት እንቅስቃሴ ጥናት፣ ትመረቂያለሽ። በፔንሲልቫኒያ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የዲቪዚዮን ሦስት (የኮሌጅ ስፖርት ሦስተኛ እርከን) ኮሌጅ ከነሐሴ እስከ ኅዳር በትርፍ ሰዓት ረዳትና የግብ ጠባቂዎች አሠልጣኝ እንድትሆኚለት ጠይቆሻል። እናትሽ ደግሞ ነርስ እንድትሆኚ ይፈልጋሉ፤ «አራት ዓመት ተቀምጠሽ ያየሽውን ኳስ ነው የምታስተምሪው?» ብለውሻል። የአንቺም ጥያቄ ይኸው ነው፤ ብዙ ያልተሰለፈች በረኛ አሠልጣኝ መሆን ትችላለች ወይ? ሥራውስ ያኖራል ወይ?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ያለ ማመንታት እመልሳለሁ፤ ትችላለች። የኮሌጅ ቡድን ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ግብ ጠባቂዎች ይይዛል፤ የምትሰለፈው ግን አንዷ ናት። አማካይ ሲደክማት ትቀየራለች። በረኛ ግን ካልተጎዳች ወይም ቀይ ካርድ ካላየች ዘጠና ደቂቃውን መጨረሷ የተለመደ ነው። ስለዚህ የአሠልጣኟ ከባዱ ሥራ የተሰላፊዋን እጅ ማሳመር ብቻ አይደለም። ሳምንቱን እኩል ለፍተው በጨዋታ ቀን ወንበር ላይ የሚቀመጡትን ሌሎቹን ማበርታትም የእርሷ ድርሻ ነው። ሁለተኛዋ በረኛ ተስፋ ከቆረጠች የመጀመሪያዋም ትዘናጋለች፤ የሚያሰጋት የለማ። አንቺ ያንን ወንበር ታውቂዋለሽ። ከጨዋታ በፊት ተሰላፊዋን የምታሟሙቂው፣ በዕረፍት ሰዓት ያየሽውን የምትነግሪያት፣ የተጋጣሚን የማዕዘን ምት አሰላለፍ ከዳር ሆነሽ የምታጠኚው አንቺ ነበርሽ። ለዋናው አሠልጣኝ ስትጽፊ ይህን አትደብቂው፤ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስፍሪው።

ከአሁኑ ልታጠናክሪው የሚገባሽ እግርሽን ነው። የግብ ጠባቂዎች አሠልጣኝ በአንድ ልምምድ እጅግ ብዙ ኳስ ትመታለች። ከክንፍ የሚሻገረው ኳስ ግቡ አፍ ላይ ማረፍ ሲገባው ከመረቡ ጀርባ ከወጣ፣ ለመዝለል የተዘጋጀችው ልጅ ቆማ ትቀራለች፤ የልምምዱ ጊዜም ኳስ በማምጣት ያልቃል። ሌላም ነገር አለ። ቡድን አጋር ሆን ብላ በእግር የመለሰችላትን ኳስ በረኛ በእጇ እንዳትይዝ ሕጉ በ1992 ከከለከለ ወዲህ፣ የቡድኑ ቅብብል የሚጀምረው ከእርሷ ነው። በረኞቹን ይዞ ወደ ሜዳው ጥግ መሄድ ለልምምዱ መጀመሪያ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ከተከላካዮቹ ጋር ማቀናጀት ስለሚያስፈልግ አንቺም የሙሉ ቡድን ጨዋታ ማንበብ ይኖርብሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በአሜሪካ ኮሌጆች በረኞችን ብቻ እያሠለጠነ ሙሉ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነው። ረዳት አሠልጣኝ ተጫዋቾችን ይመለምላል፣ የተጋጣሚን ቪዲዮ እየቆረጠ ያዘጋጃል፣ የቅጣትና የማዕዘን ምቶችን ያቅዳል፣ የአውቶቡስና የሆቴል ጉዳይ ይጨርሳል፣ የተጫዋቾቹን የትምህርት ውጤት ይከታተላል፣ በበጋ የታዳጊዎች ካምፕ ያካሂዳል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚፈለገው ምልመላው ነው። ቡድኑ አዲስ በረኛ የሚፈልገው በዓመት አንዲት፣ ሲልም በሁለት ዓመት አንዲት ነው። አጥቂ፣ አማካይና ተከላካይ ግን በየዓመቱ ይፈልጋል። በረኞችን ብቻ የምታይ ረዳት ለዋናው አሠልጣኝ በዓመት የምታመጣለት አንድ ስም ነው፤ በጀት ሲጠብ ቀድማ የምትሰናበተውም እርሷ ናት። ችሎታ ያላቸው ሰዎች ለዓመታት በትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲንከራተቱ የማየው ከሜዳው ጥግ ስላልወጡ ነው። አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ምልመላው ደግሞ እንደ ዲቪዚዮኑ ይለያያል። በዲቪዚዮን አንድ አሠልጣኞች አንዲትን ተማሪ ስለ ምልመላ ማነጋገር የሚችሉት አሥረኛ ክፍልን ከጨረሰች በኋላ፣ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። በዲቪዚዮን ሦስት ሕጉ ላላ ይላል፣ ግን የስፖርት ስኮላርሺፕ የለም። ስለዚህ ወላጆችን የምታሳምኚው በትምህርቱ ጥራትና በሌላው የገንዘብ ድጋፍ ነው። የራስሽንና የወንድምሽን ፋፍሳ የተባለውን የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ የሞላሽው አንቺ መሆንሽን በደብዳቤሽ ጫፍ ላይ እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰሽዋል። ቀላል አይደለም። ልጃቸውን ኮሌጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚልኩ፣ እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ወላጆች ፊት ተቀምጠሽ ወጪውን መስመር በመስመር ማስረዳት ከቻልሽ፣ ብዙ ረዳት አሠልጣኝ የሌለው ሙያ ይዘሻል።

ሥራው ያኖራል ወይ ላልሽው፣ የቀረበልሽ ብቻውን አያኖርም። እንዲህ ያለ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ለወቅቱ በሙሉ በጥቂት ሺህ ዶላር የሚቆረጥ ሲሆን የጤና መድን አይኖረውም። እንደ ደመወዝ ሳይሆን ለቀጣዩ በር እንደሚያስፈልግ ልምድ ቁጠሪው፤ ለኪራይሽም ሌላ ሥራ ያዢ። ቀጣዩ በር የማስተርስ ተማሪ ሆኖ ረዳት አሠልጣኝ መሆን፣ ግራጁዌት አሲስታንት የሚሉት ነው። ኮሌጁ የማስተርስ ክፍያሽን በሙሉ ወይም በከፊል ይሸፍናል፣ አነስተኛ የኪስ ገንዘብ ይሰጥሻል፣ አንቺ ታሠለጥኛለሽ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ማስታወቂያዎቹን የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ በሆነው በኤንሲኤኤ ማርኬት ላይ ከጥር ጀምረሽ ተከታተዪ፤ ኤንኤአይኤ በተባለው በሌላው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ሥር ያሉ ኮሌጆችንም አትናቂ።

ዲቪዚዮን አንድ እስኪጠራሽ አትጠብቂ። ቀድሞ ጀማሪዎች በበጎ ፈቃድ አሠልጣኝነት ይገቡ ነበር፤ ያ መደብ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ቀርቷል። ትንሽ ኮሌጅ ደግሞ ሰው ስለሚያጥረው ሁሉንም ያሠራሻል፤ ለጀማሪ የሚበጀውም እርሱ ነው።

ፈቃዶቹን በተመለከተ፣ ከአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የመነሻ ኮርሶች ጀምሪና ወደ ዲ ላይሰንስ እለፊ። ዩናይትድ ሶከር ኮችስ የተባለው የአሠልጣኞች ማኅበር የሚሰጠውን የግብ ጠባቂ ዲፕሎማም ጨምሪበት። ማኅበሩ በየዓመቱ በጥር ወር የሚያካሂደው ጉባኤ ከአሠልጣኞች ጋር ፊት ለፊት የምትተዋወቂበት ቦታ ነው፤ የአውቶቡስ ገንዘብ ከተረፈሽ ለእርሱ አውዪው።

ሴት መሆንሽንም ላንሣ። በ1972 በትምህርት ተቋማት የጾታ አድልዎን የከለከለው ታይትል ናይን የተባለው ሕግ ሲወጣ የሴቶች የኮሌጅ ቡድኖችን ከሚመሩት ከ90 በመቶ በላይ ሴቶች ነበሩ። ሥራው ደመወዝና ክብር ሲያገኝ ወንዶች በብዛት ገቡበት፤ ዛሬ ሴቶቹ ከግማሽ በታች ናቸው። ይህ ያሳዝነኛል። አንዲት በረኛ አራት ዓመት ተምራ፣ በሙያዋ የምትመስላትን አንዲት አሠልጣኝ ሳታይ ልትመረቅ ትችላለች። አንቺን የመሰለች ልጅ ገና በመግቢያው ላይ ሳለች እንድትመለስ መምከር አልችልም።

እናትሽን ግን አክብረሽ ስሚያቸው፤ የሚፈሩት ድህነትን ነው፣ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው። ለኪኒሲዮሎጂ የወሰድሻቸው የአናቶሚና የፊዚዮሎጂ ኮርሶች ለነርስነት መግቢያ ያገለግሉሻል። ሆኖም ብዙ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ኮርሶች ከቆዩ በኋላ አይቀበሏቸውም፤ የምታስቢባቸውን ትምህርት ቤቶች ገደብ አሁኑኑ ጠይቂ። ከዚያ እናትሽ ዘንድ ቀርበሽ ቁርጥ ያለ ቃል ስጫቸው፤ ሁለት የውድድር ወቅት ሠርቼ የማስተርስ ረዳትነት ወይም የሙሉ ሰዓት ሥራ ካላገኘሁ ለነርስነት አመለክታለሁ በያቸው። ቃልሽንም ጠብቂ። እስከዚያው ግን ሥራሽን በዓይናቸው ይዩልሽ። በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ ገደማ በሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ውድድር የሚሳተፍ የአካባቢሽ ቡድን ታዳጊ በረኞች ካሉት በነፃ አሠልጥኚያቸውና እናትሽን ጋብዣቸው።

ለፔንሲልቫኒያው ኮሌጅ እሺ ከማለትሽ በፊት ዋናውን አሠልጣኝ እነዚህን ጠይቂ። በምልመላ ጉዞ እሳተፋለሁ ወይ? የቤንዚኑንስ ማን ይችላል? የማዕዘን ምቶችን ኃላፊነት ለእኔ ይሰጡኛል ወይ? ባለፉት ዓመታት በዚህ ቦታ የነበሩት ረዳቶች አሁን የት ይሠራሉ? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ብዙ ይነግርሻል፤ ወደ ተሻለ ሥራ ያለፉ ካሉ ስማቸውን ተቀብለሽ ደውዪላቸው። ምልመላውን ከከለከሉሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ። ከፈቀዱልሽ ደግሞ ስምምነቱን በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂና ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝ፤ አብረን እናነብበዋለን።