የዲፌንስ ኮርዲኔተሩ ሊሄድ ነው ሲባል ምኑን ልከታተል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ልጄ የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ዲፌንስ ኮርዲኔተር ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ ነው የሚል ወሬ ተነስቶ፣ ደጋፊው ሁሉ ለቅሶ ቤት የገባ መስሏል። ሰውየው ዋና አሰልጣኝ እንኳ አይደለም። እውነት ይህን ያህል ያስደነግጣል? እኔስ ምኑን ልከታተል?»

ወንድማችን፣ ግራ መጋባትዎ ተገቢ ነው። በእግር ኳስ ላደገ ሰው ረዳት አሰልጣኝ ማለት ተጫዋቾችን የሚያሟሙቅ፣ በጨዋታ ጊዜም ከዋናው ጎን የሚቀመጥ ሰው ነው። በአሜሪካ ፉትቦል ግን ኮርዲኔተር የግማሹ ቡድን፣ የዲፌንሱ (የተከላካዩ) ወይም የኦፌንሱ (የአጥቂው)፣ አለቃ ነው። ተጋጣሚው በአንድ ጨዋታ ከ60 እስከ 70 ጊዜ ኳስ ይዞ ይነሳል፤ በእያንዳንዱ ፊት ማን የት እንደሚቆም፣ ማን ኳስ ወርዋሪው ኳርተርባክ ላይ እንደሚሮጥ፣ ማን ወደ ኋላ እንደሚያፈገፍግ በጥቂት ሰከንድ የሚወስነው እሱ ነው። ብዙ ዋና አሰልጣኞች በዚያ ሰዓት ጣልቃ አይገቡም። ጂም ኖልስ እ.ኤ.አ. በ2025 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ከኦሃዮ ስቴት ወደ ፔን ስቴት ሲሄድ ደመወዙ በዓመት ወደ 3.1 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ተዘግቦ ነበር። ይህ ለረዳት የሚከፈል ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ድንጋጤው ከንቱ አይደለም። ሆኖም ጉዳቱ የሚለካው በሰውየው ስም ሳይሆን አብሮት በሚወጣው ነገር ነው፤ ያ ደግሞ ከቡድን ቡድን በጣም ይለያያል።

በመጀመሪያ ወሬውን ያጣሩ። ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ድረስ የማይነሳ ስም የለም። ከወሬው ግማሽ ያህሉን የሚያሠራጩት የአሰልጣኞቹ ወኪሎች ይመስሉኛል፤ የደንበኛቸው ስም ከሌላ ሥራ ጋር ሲነሳ ያለበት ትምህርት ቤት ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ደመወዝ ይጨምራል፣ ውል ያራዝማል። ስለዚህ «ስሙ ተነሳ» ከሚለው ይልቅ የትኛው ሥራ እንደሆነ ይጠይቁ። ዋና አሰልጣኝ ሊሆን ከተፈለገ ማስቀረት ከባድ ነው፤ ማስቀረትም ተገቢ አይመስለኝም። የፕሮፌሽናሉ ሊግ ኤንኤፍኤል ከፈለገው ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ይዘልቃል። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ በዚያው በኮርዲኔተርነት የሚሄድ ከሆነ ግን ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ሰነድ ነው፤ የአካባቢው ጋዜጦች ጠይቀው ያወጡታል። እዚያ ውስጥ ባይአውት የሚባለውን አንቀጽ ይፈልጉ፤ ውሉ ሳያልቅ ቢለቅ የሚከፈለው ካሳ ማለት ነው። ዋና አሰልጣኝ ወይም የኤንኤፍኤል ኮርዲኔተር ለመሆን ከሄደ ካሳው የሚሰረዝባቸው ወይም የሚቀንስባቸው ውሎች ብዙ ናቸው፤ ለእኩያ ሥራ ከሄደ ግን ይከፈላል። በ2023 ፌብሩዋሪ ኖትር ዴም የዩታውን ኦፌንስ ኮርዲኔተር አንዲ ሉድዊግን ለመውሰድ ጥረት አድርጎ ነበር፤ ባይአውቱ ወደ 2.8 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ተወራ፣ ሰውየው ዩታ ቀረ፣ ኖትር ዴምም ከራሱ ሠራተኞች መካከል ጀራድ ፓርከርን ሾመ። አንዲት አንቀጽ የሁለት ቡድን ዓመት ልትለውጥ ትችላለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኮርዲኔተር ሲሄድ የሚያሳስበው የጨዋታው ቋንቋ ነው። እያንዳንዱ ኮርዲኔተር የራሱ ፕሌይቡክ (የጨዋታ ዕቅድ መጽሐፍ) አለው፤ ያው አንድ አሰላለፍ በአንዱ ቤት አንድ ስም፣ በሌላው ቤት ሌላ ስም ይጠራል። ለምሳሌ በብዙ ፕሌይቡኮች «ስካይ» ሲባል ሩጫውን ከዳር ለመዝጋት ወደ ፊት የሚወጣው ሴፍቲው (ከኋላ የሚጠብቀው ተከላካይ) ነው፤ «ክላውድ» ሲባል ደግሞ ኮርነርባኩ (ከዳር ተቀባይ የሚጠብቀው) ነው። አንዱ ልጅ የድሮውን ትርጉም ይዞ፣ ጎረቤቱ አዲሱን ይዞ ቢነሱ ሁለቱም አንድ ቦታ ይሮጣሉ፣ ከኋላ ያለው ሜዳ ባዶ ይቀራል። ጎል የሚቆጠረው በዚያ ክፍተት ነው።

የተጫዋቾቹ አካልም አለ። አራት ሰው ፊት ለፊት ለሚያሰልፍ ዲፌንስ የተመለመለ 265 ፓውንድ የሚመዝን የዳር ተጫዋች፣ ሦስት ሰው በሚያሰልፍ አዲስ አሰልጣኝ እጅ ሲወድቅ ላይንባከር (ከፊተኛው መስመር ኋላ የሚቆም) ሁን ይባላል፤ አንዳንዴ ኋላ አፈግፍጎ ፈጣን ተቀባይ መጠበቅ ይኖርበታል። መሐል ላይ ደግሞ ሁለት ሰው የሚገፋውን የሚቋቋም፣ ከ300 ፓውንድ በላይ የሆነ ኖዝ ታክል ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ልጅ በሁለት ወር አይፈጠርም።

ሁለት ምሳሌ ጎን ለጎን ላስቀምጥ፤ ደጋፊው ሁሉ ቢያስታውሳቸው የምወዳቸው ናቸው። ሚሺጋን በ2021 ከኤንኤፍኤሉ ባልቲሞር ሬቨንስ ማይክ ማክዶናልድን አምጥቶ ዲፌንሱን ሰጠው። በዓመቱ ሬቨንስ መልሶ ወሰደው፤ በዩኒቨርሲቲው ከተማ በአን አርበር ያን ጊዜ የነበረው ሽብር ዛሬ እርስዎ የሚያዩት ዓይነት ነበር። ሚሺጋን ግን ከቫንደርቢልት ጄሲ ሚንተርን አመጣ። ሚንተር ከዚያ በፊት ሬቨንስ ቤት የሠራ ሰው ነው፤ ያንኑ ቋንቋ ይናገራል። ተጫዋቾቹ አዲስ መዝገበ ቃላት መሸምደድ አላስፈለጋቸውም። በ2022 ቡድኑ 13 አሸንፎ 1 ተሸነፈ፣ በ2023 ደግሞ 15ቱንም አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በ2024 መጀመሪያ ሚንተር ከዋና አሰልጣኙ ከጂም ሃርቦ ጋር ወደ ኤንኤፍኤሉ ቻርጀርስ ሲሄድ የተተካው ዊንክ ማርቲንዴልም የቀድሞው የሬቨንስ ዲፌንስ ኮርዲኔተር ነበር። ሦስት ሰው ተፈራረቀ፣ ቋንቋው ግን ከአንድ ቤት አልወጣም።

ኤልኤስዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) የተቃራኒው ምሳሌ ነው። በ2019 15ቱንም ጨዋታ አሸንፎ ሻምፒዮን የሆነው ቡድን በ2020 ጃንዋሪ ሁለቱን አእምሮዎቹን አጣ፦ የኳስ ቅብብሉን የሠራው ጆ ብሬዲ ወደ ኤንኤፍኤሉ ካሮላይና ፓንተርስ፣ የዲፌንሱ ዴቭ አራንዳ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ወደ ቤይለር ሄዱ። ለዲፌንሱ የመጣው ቦ ፔሊኒ ከአራንዳው ሦስት ሰው አሰላለፍ ወደ አራት ሰው አዞረው። ዓመቱ የኮሮና ነበር፤ የጸደይ ልምምድ ተቋርጦ ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ ሴፕቴምበር 26 ላይ ከሚሲሲፒ ስቴት ጋር ተደረገ፣ የሚሲሲፒው ኳርተርባክ 623 ያርድ ወርውሮ ሁለቱ የሚጫወቱበትን የኤስኢሲ ሊግ ክብረ ወሰን ሰበረ፣ ኤልኤስዩ 44 ለ 34 ተሸነፈ። ለፍትሕ ያህል፣ 14 ተጫዋቾች በዚያው ዓመት ኤንኤፍኤል ድራፍት (የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ) ላይ ተመርጠው ሄደው ነበር፣ ምርጡ ኮርነርባክም በዚያ ቀን በሕመም አልተሰለፈም። ዓመቱ 5 ድል በ5 ሽንፈት አለቀ፣ ፔሊኒም ከአንድ ዓመት በላይ አልቆየም።

ስለዚህ ምትክ ሲሾም «ታዋቂ ነው ወይ?» ብለው አይጀምሩ። ከማን ሥር ተማረ? ስንት ሰው ፊት ለፊት ያሰልፋል? በጨዋታ ሰዓት አሰላለፉን በራሱ መርጦ ያውቃል ወይስ የመጀመሪያው ነው? ከውስጥ የተሾመ ከሆነም ቋንቋው ተረፈ ማለት እንጂ ሁሉም ተረፈ ማለት አይደለም። ክሌምሰን በ2021 ዲሴምበር በአንድ ሳምንት ውስጥ ብሬንት ቬናብልስን ለኦክላሆማ፣ ቶኒ ኤልየትን ለቨርጂኒያ አስረክቦ ሁለቱንም ከውስጥ ተካ። በ2022 11 አሸንፎ የሊጉን፣ የኤሲሲን፣ ዋንጫ ስለወሰደ ብዙ ሰው «ምንም አልጎደለም» አለ። ከውስጥ ያደገው የዲፌንስ ኮርዲኔተር ግን በ2025 ጃንዋሪ ተሰናበተ፣ ከውጭ ቶም አለን መጣ። የመጀመሪያው ዓመት በተረፈው ስንቅ ይታለፋል፤ ጉድለቱ የሚታየው ሂያጁ የመለመላቸውና ያሠለጠናቸው ልጆች ተመርቀው ሲያልቁ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ነው።

ስለ ተጫዋቾች ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ደንብ አለ። ዋና አሰልጣኝ ሲቀየር ለቡድኑ ተጫዋቾች ልዩ የትራንስፈር ፖርታል (ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የመዛወሪያ) ጊዜ ይከፈታል፤ በ2025 ኦክቶበር በወጣው ደንብ አዲሱ ዋና አሰልጣኝ ከታወቀ ከአምስት ቀን በኋላ ጀምሮ 15 ቀን ነው። ረዳት ሲሄድ ግን እንዲህ ያለ በር አይከፈትም። ልጆቹ የሚንቀሳቀሱት በመደበኛው ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2026 ያ ጊዜ ከጃንዋሪ 2 እስከ 16 ሆኖ የቀድሞው የጸደይ ጊዜ ቀርቷል። ስለዚህ ረዳቱ የሄደበትን ቀን ከዚህ ጋር ያመሳክሩ። በዲሴምበር ከሄደ ልጆቹ አስበው ሊከተሉት ጊዜ አላቸው፤ በፌብሩዋሪ ከሄደ አብዛኞቹ እስከሚቀጥለው ዓመት ይቆያሉ። አዲስ ተመልማዮችም እንዲሁ፤ የቅድሚያ ፊርማው ከ2024 ወዲህ በዲሴምበር መጀመሪያ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚሄድ አሰልጣኝ የፈረሙትን ልጆች አስፈርሞ ነው የሚወጣው።

በተለይ ኦፌንስ ኮርዲኔተር ከሆነ ኳርተርባኩን ይመልከቱ። ኳርተርባኩ ዲላን ገብርኤል በዩሲኤፍ ዩኒቨርሲቲ ከኦፌንስ ኮርዲኔተሩ ከጄፍ ሌቢ ጋር በ2019 ሠርቶ ነበር፤ ሌቢ ኦክላሆማ ሲገባ ልጁም በ2022 እዚያ ተገኘ፤ ሌቢ በ2023 መጨረሻ የሚሲሲፒ ስቴት ዋና አሰልጣኝ ሲሆን ልጁ ደግሞ ወደ ኦሪገን ሄደ። ኦክላሆማ በ2023 10 አሸንፎ በቀጣዩ ዓመት 6 ብቻ አሸነፈ፤ በሌቢ ቦታ የተተካውን የኦፌንስ ኮርዲኔተርም በኦክቶበር፣ በውድድሩ መሐል አሰናበተ። የተቀባዮቹ ጉዳት ድርሻ ነበረው፣ ግን ኮርዲኔተርና ኳርተርባክ ባንድ ጊዜ ሲወጡ ቤቱ መናጋቱ አይቀርም።

ሰውየው ሌላ ሥራ ይዞ ሳለ ቡድኑ ፕሌይኦፍ (የሻምፒዮናው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ) ከቀረው፣ «ፕሌይኦፉንስ ማን ይመራዋል?» የሚለው የሚወሰነው ሰውየው አእምሮውን ለሁለት መክፈል መቻሉን ዋናው አሰልጣኝ አይቶ ነው። ኪርቢ ስማርት በ2015 ዲሴምበር የጆርጂያ ዋና አሰልጣኝ ተብሎም የአላባማን ዲፌንስ እስከ ፍጻሜው መርቶ ዋንጫ ይዞ ወጣ። የአላባማው ኦፌንስ ኮርዲኔተር ስቲቭ ሳርኪዥያንም ቴክሳስ ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ከሾመው በኋላ በ2021 ጃንዋሪ ኦሃዮ ስቴት ላይ 52 ነጥብ ያስቆጠረውን ኦፌንስ መራ። ቀደም ሲል በዚያው ቦታ የነበረው ሌን ኪፊን ግን ፍጻሜው ሊደረግ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በ2017 ጃንዋሪ ተነሳ፣ አላባማም በመጨረሻው ሰከንድ በክሌምሰን 35 ለ 31 ተሸነፈ።

ምስጢራችንን ለባላንጣ ይወስዳል የሚለው ፍርሃት ግን የተጋነነ ነው። ኖልስ ከኦሃዮ ስቴት ወደዚያው ሊግ ወደ ፔን ስቴት ነበር የሄደው፤ ኦሃዮ ስቴት ማት ፓትሪሺያን ተክቶ በ2025 ኖቬምበር 1 ፔን ስቴትን 38 ለ 14 አሸነፈው። ከ2024 ጀምሮ ኳስ ከመነሳቱ በፊት ሜዳ ላይ ያለ አንድ ተጫዋች የአሰልጣኙን ድምፅ በሄልሜቱ ይሰማል፣ መስመሩም ኳሱን ለማስነሳት ከተሰጠው ሰዓት 15 ሰከንድ ሲቀር ይዘጋል፤ ስለዚህ የእጅ ምልክት ማወቅ እንደ ድሮው አይጠቅምም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምን። ወሬ ሲነሳ የ17 ዓመት ተመልማዮች ገጽ ላይ ሄዶ «ቃልህን እንዳታፈርስ» ብሎ መጻፍ ይቅር። ልጆቹን ያስጨንቃል። ለስፖርት ክፍሉ ገንዘብ የሰጠ ሰው ከሆነ ደግሞ ትምህርት ቤቱን በኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪው በኤንሲኤኤ ፊት ችግር ውስጥ ሊከተው ይችላል።

ምትኩ ከታወቀ በኋላ ለአዲሱ ሰው ያለው ጊዜ ጠባብ ነው፤ የጸደይ ልምምዱ በ34 ቀን ውስጥ 15 ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል፣ ከውድድሩ በፊት በኦገስት ደግሞ 25። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ኳሱን ትተው ዲፌንሱን ይመልከቱ። ኳስ ሊነሳ ሲል እጃቸውን ዘርግተው ወደ ዳር የሚያዩ ልጆች ካሉ፣ ጎል ከገባ በኋላ ሁለት ተከላካይ እርስ በርስ ከተጠቋቆሙ፣ ቡድኑ ሰው ለማሟላት ታይምአውት ካባከነ፣ ከ20 ያርድ በላይ የሚሄድ ቅብብል ከበዛበት፣ ቋንቋው ገና አልገባቸውም። የአንድ ለአንድ ግጥሚያ ተሸንፈው ከሆነ ግን ጥፋቱ የተጫዋች ነው፣ አዲሱን ሰው አይውቀሱት። የቡድኑን ስምና ለምትክነት የሚጠሩትን ሰዎች ቢጽፉልን ማን ከማን ቤት እንደወጣ አብረን እናያለን።