ሟምቶ የሚሄደው ክር

ልጆቼ፣

ከሕክምና ተማሪዎችም ከኢንጂነሪንግ ተማሪዎችም የሚደርሰኝ ጥያቄ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ከበሽተኛው ከራሱ ሕዋስ አዲስ የሽንት ፊኛ ማሳደግ ይቻላል ይባላል፤ በዚህ ሙያ ብሠማራ ያዋጣኛል?» ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን ፊኛ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝና መልሴ የሚጀምረው ከክር ነው።

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ፣ ከከተማ ርቆ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ የተቀደደ ፊኛ በሐር ክር ሰፋሁ። የሚሟሟው ክር አልቆብን ነበር፤ ሐር ይበልጥ ይይዛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቁስሉ አምሮ ዳነ። ሰውየው በዓመቱ ሽንቱ እያቃጠለው፣ ደም እየቀላቀለበት ተመልሶ መጣ። ከፍቼ ባይ የሽምብራ ፍሬ የሚያክል ድንጋይ አገኘሁ። ስሰብረው መሐሉ ላይ የእኔው ጥቁር ክር ከነቋጠሮው ቁጭ ብሏል። ሽንት ብዙ ጨው የተሸከመ ውኃ ነው፤ አልሄድም ያለ ባዕድ ነገር ሲያገኝ በላዩ ላይ ይጋገርበታል። ቀደምት ሐኪሞች ፊኛን በሲሊኮንና በቴፍሎን ለመተካት ሞክረው ድንጋይና ኢንፌክሽን ያተረፉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፖሊግላይኮሊክ አሲድ የሚባለው ፖሊመር፣ ማለትም ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የሚሠሩት ቁስ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ክር ሆኖ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ። የሰውነት ውኃ ሰንሰለቱን ቀስ እያለ ይበጣጥሰዋል፤ በሳምንታት ውስጥ ጉልበቱን ያጣል፣ በሁለት ሦስት ወር ደብዛው ይጠፋል። ዛሬ በየሆስፒታላችን የምታዩት ሐምራዊ ቪክሪል የቅርብ ዘመዱ ነው። ይኸው ቁስ እንደተነደፈ ጥጥ ሳስቶ፣ በፊኛ ቅርጽ ተበጅቶ ሕዋስ ሲዘራበት ስካፎልድ ይባላል። ከእኛ አገር ግንበኞች የባሕር ዛፍ ርብራብ የሚለየው፣ የሚያነሣው ሰው ሳያስፈልግ ራሱ መሄዱ ነው። ችግሩ ሁሉ ያለው በሰዓቱ ላይ ነው። ቀድሞ ከሄደ ግድግዳው ይናዳል ወይም ይኮማተራል፤ ከዘገየ ደግሞ የእኔን ድንጋይ ታገኛላችሁ።

በ1999 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ቦስተን የቀዶ ሐኪሙ የአንቶኒ አታላ ቡድን ይህን በውሾች ላይ አሳየ። አብዛኛው ፊኛቸው ከተቆረጠ በኋላ፣ ሕዋስ የተዘራበት ፖሊመር የተተከለላቸው የቀድሞውን መጠን 95 ከመቶ ያህል መለሱ፤ ባዶ ፖሊመር የተተከለላቸው 46 ከመቶ ላይ ቀሩ። ይህችን ልዩነት ያዙ። ርብራብ ብቻውን ቤት አይሆንም፤ ከውስጥ ሽንት የማያሳልፍ ሽፋን፣ ከውጭ ጡንቻ ሊበቅልበት ይገባል። በ2006 እ.ኤ.አ. ይኸው ቡድን በሰባት ታማሚዎች ላይ ያገኘውን ውጤት አሳተመ። ሁሉም ከ4 እስከ 19 ዓመት የሆናቸው፣ ኅብለ ሰረሰራቸው ሳይዘጋ የተወለዱ፣ በዚህም ፊኛቸውን የሚያዘው ነርቭ የተጎዳባቸው ነበሩ። ከሁሉ የተሻለ የሆነላቸው ኮላጅን የሚባለው የሰውነት ፕሮቲንና ፖሊመር ተዳምሮ የተሠራላቸውና አዲሱ ፊኛ በሞራ የተጠቀለለላቸው ናቸው። አዎ፣ በግ ስናርድ ሆድ ዕቃው ላይ እንደ መረብ ተዘርግቶ የምናየው ሞራ። ሞራ ገላጮች ዕጣ ያነቡበታል፤ እኛ ደም ስሩን እንፈልገዋለን። አዲስ የተተከለ ሕዋስ ደም ካልደረሰው በቀናት ውስጥ ይሞታልና።

ዓለም ያጨበጨበው ለዚህ ጽሑፍ ነው። እናንተም የምትልኩልኝ ይህንኑ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣውን ግን እስካሁን አንድም ሰው አልላከልኝም። በዚያ ሙከራ ተመሳሳይ ሕመም ላለባቸው ልጆች የራሳቸው ሕዋስ የተዘራበት ስካፎልድ ተተከለላቸው፤ ፊኛቸው የሚያረካ መሻሻል አላሳየም፣ አንዳንዶቹም የአንጀት መዘጋትና የፊኛ መቀደድ ገጠማቸው። እኔ ይህንን ሁለት ጊዜ አንብቤ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ነርቩ የተጎዳ ፊኛ ጨርቁ ቢቀየርለትም የሚያዘው ነርቭ አብሮ አይበቅልለትም። ከታመመ ፊኛ የተወሰደ ሕዋስም የሕመሙን ጠባይ ይዞ ሊያድግ ይችላል። በውሻው ላይ የተሠራው ሥራ ውሸት አልነበረም፤ የውሻው ፊኛ ግን ከመቆረጡ በፊት ጤነኛ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ይህን የኅብለ ሰረሰር ሕመም ከምንጩ ለመቀነስ ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን ከእርግዝና በፊት መውሰድ እንደሚረዳ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማያጠራጥር መልኩ ታውቋል። ዱቄት ላይ ቫይታሚን የሚጨምር ወፍጮ ከእኔም ከእናንተም በላይ ፊኛ ያድናል። ይህን ስል ላቦራቶሪውን ዝጉት ማለቴ አይደለም። የተወለዱት ልጆች አሉ። በረጅም ምጥ ፊስቱላ ይዟቸው፣ ቀዳዳው ከተሰፋ በኋላም ፊኛቸው ጠባሳ ሆኖ የጠበበባቸው እናቶችም አሉ።

እስካሁን ለእነዚህ የምናደርገው ከአንጀታቸው ቆርጠን ፊኛውን ማስፋት ነው። አንጀት ደግሞ ሥራውን አይረሳም፤ ፊኛ ሆኖም ዝልግልጉን ማመንጨቱን፣ ከሽንቱ መልሶ መምጠጡን ይቀጥላል። አንዲት እናት ልጇን በር ላይ በርጩማ አስቀምጣ፣ ካቴተር በሚባል ቀጭን ቱቦ የጨው ውኃ በመርፌ ወደ ፊኛው እየገፋች ስታጥብ አይቻለሁ። በቱቦው የሚወጣው የእንቁላል ነጭ ይመስላል። ልጁ ሰዓቱን እያየ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሊረፍድበት ነው። የምትሠሩት ፖሊመር የሚወዳደረው ከዚህች መርፌ ጋር ነው፤ ስለዚህ ማይክሮስኮፕ ፊት ከመቀመጣችሁ በፊት እንዲህ ያሉ ልጆች የሚታዩበት ተመላላሽ ክፍል ገብታችሁ ጥቂት ወራት ተቀመጡ።

ለዛሬ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ከቀዶ ሕክምና ክፍል የተራረፈ የቪክሪል ክር ለምኑ። በሰውነት ሙቀት በሚቆይ የጨው ውኃ ውስጥ ክተቱትና በየሳምንቱ አንድ አንድ ቁራጭ እያወጣችሁ ጎትቱት። መጀመሪያ ጣታችሁን ይቆርጣችኋል፤ አምስተኛው ሳምንት ግድም ላይ ያለ ትግል ይበጠስላችኋል። ከዚያም በሽንት ውስጥ ድገሙትና የትኛው ቀድሞ እንደተበጠሰ ጻፉልኝ።