የልጄ ጥርስ የተበላው ኢሙኒቲዋ ደክሞ ነው?

ሰላም እህቴ። የ2 ዓመት ተኩል ልጅሽ የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ቡናማ ሆነው መሸራረፍ ጀምረዋል፤ ጎረቤትሽ ደግሞ «ኢሙኒቲዋ (በሽታ የመከላከል አቅሟ) ደክሞ ነው፣ ቫይታሚን ስጫት» ብላሻለች። ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ፤ ይህን ጥያቄ ከብዙ እናቶች እሰማለሁ። ቫይታሚኑን ለመግዛት አትቸኩይ።

መጀመሪያ የታችኛ ከንፈሯን ወረድ አድርገሽ የፊት ጥርሶቿን እያቸው። አብዛኛውን ጊዜ ነጭና ደህና ናቸው። ኢሙኒቲዋ ደክሞ ቢሆን እነሱን ማን አተረፋቸው? ምላሷ ይሸፍናቸዋል፣ የምራቅ መውጫውም ከሥራቸው ነው። የላይኞቹ ግን፣ ጡጦ እየጠባች የምትተኛ ከሆነ፣ ወተቱ ተኝቶባቸው ያድራል።

የጥርስ ኢሙኒቲ ማለት በአብዛኛው ምራቅ ነው። ኤናሜል የሚባለው የላይኛው ሽፋን ደም ስርም ሕይወት ያለው ሴልም ስለሌለው ነጭ የደም ሴል ገብቶ ሊከላከልለት አይችልም። ምራቅ ውስጥ ያለው አይጂኤ የሚባል አንቲቦዲ (ሰውነት ጀርም ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) ባክቴሪያው ጥርስ ላይ እንዳይጣበቅ ያግዛል፤ ምራቁ ራሱ ባክቴሪያው ከስኳር የሚሠራውንና ጥርስ የሚበላውን አሲድ ያጥባል፣ ካልሲየምም ይመልሳል። ልጅ ሲተኛ ግን ምራቅ በጣም ይቀንሳል። ስኳር ያለው ጡጦ አፏ ውስጥ ካደረ ባክቴሪያው ሌሊቱን ሙሉ አሲድ ይሠራል፣ የሚያጥበውም የለም። የልጅ አንቲቦዲ ገና እየዳበረ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ይህን የሚያስተካክል ሽሮፕ አላውቅም። እንዲያውም ብዙዎቹ የቫይታሚን ሽሮፖች ጣፋጭ ናቸው፤ ማታ ከተሰጡ ለባክቴሪያው ተጨማሪ እራት ነው።

የሌሊቱን ጡጦ በውሃ ተኪው። በአንዴ እምቢ ካለችሽ ስኳሩን በየቀኑ ቀንሺ፣ ከዚያ ወተቱን በውሃ እያቀጠንሽ ሂጂ። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ጠዋትና ማታ አንቺው ቦርሺላት፤ እስከ 3 ዓመቷ የሩዝ ፍሬ የምታክል ይበቃል። አላምጦ ማጉረስና በአንድ ማንኪያ መቅመስም ባክቴሪያውን ከእኛ ወደ ልጆቹ ያሻግራል። (ይህን ስል አያቶች ይቆጡኛል።)

በእርግጥ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ወይም ምግብ ያነሳቸው ልጆች ኤናሜላቸው ከመጀመሪያውም ስስ ሊሆን ይችላል። ልጅሽ ቶሎ ቶሎ ትኩሳት የሚይዛት፣ አፏ ነጭ የሚያወጣ፣ ክብደቷም የማይጨምር ከሆነ የሕፃናት ሐኪም ይያት፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» የሚሉሽን አትስሚ። የኋላ መንጋጋዎቹ እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ። ቀዳዳው ደም ስር ያለበት የውስጠኛው ክፍል ሲደርስ ኢሙኒቲዋ በእርግጥ ይዋጋል፤ ያኔ ሌሊት እያለቀሰች ትነሳለች፣ ድዷ ላይም መግል የያዘ ብጉር ሊወጣ ይችላል። እዚያ ሳይደርስ በዚህ ሳምንት ጥርስ ሐኪም ጋ ውሰጃት። ጉንጯ ካበጠና ትኩሳት ካላት ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ሂጂ።