በጥር ብርድ ካናሉ ላይ ዓሣው ለምን እምቢ አለ?

ሰላም ወንድሜ። ለንደን ውስጥ ካናል (ለጀልባ የተቆፈረ የውኃ መንገድ) ላይ በጋውን ሙሉ ሮች የሚባለውን ዓሣ ስታወጣበት የነበረው ቦታ ከብርዱ ወዲህ ሦስት ቅዳሜ ባዶ እጅህን እንደመለሰህ ጽፈሃል። ማጎት (የዝንብ ትል) በእፍኝ እየበተንክ፣ 16 ቁጥር መንጠቆ ይዘህ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቦታ እንደምትቀመጥም ነግረኸናል። መልሱ እዚያው ጥያቄህ ውስጥ አለ፦ ወይ ዓሣውን አጥግበኸዋል፣ ወይ እሱ የሌለበት ተቀምጠሃል።

የዓሣ ገላ ሙቀት የውኃው ሙቀት ነው። ውኃው ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ ዓሣው ምግብ የሚፈጭበት ፍጥነትም ይወርዳል፤ በበጋ ለሰዓት የማይበቃ እፍኝ ማጎት በጥር ለቀኑ ይተርፋል። የበተንከውን ደግሞ መልሰህ አትለቅመውም።

መጀመሪያ ቦታውን ፈልግ። ሮች በብርድ ጊዜ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ መቶ ሜትር ባዶ ሆኖ ቀጥሎ ያለው አሥር ሜትር ሊሞላ ይችላል። ታስረው የቆሙ ጀልባዎች ሥርና ዙሪያ፣ ድልድይ አካባቢ፣ ጀልባ የሚዞርበት ሰፊ ቦታ፣ ከማዶ ዳር ቁጥቋጦ የተንጠለጠለበት ጥላ፣ እነዚህን ሞክር። ውኃው ስለሚጠራ ዓሣው መሸሸጊያ ይፈልጋል። «ከታች 4 ዲግሪ ሙቀት አለ» የሚባለውን ብዙ አትመነው። ውኃ በ4 ዲግሪ ከሁሉ የበለጠ መክበዱ እውነት ነው፤ ለጥልቅ ሐይቅም ይሠራል። አንድ ሜትር ተኩል በማትሞላ ካናል ግን ነፋስና ጀልባ ሲያማስሉት ይውላሉ። እዚህ ጥልቀቱ የሚጠቅምህ መደበቂያ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ጀልባ የሚሄድበትን የመሐሉን መስመር ያዝ።

ጥልቀቱን በግምት አትተወው። የጥልቀት መለኪያ ክብደት መንጠቆው ላይ አንጠልጥለህ ንክሻ የሚያሳየው የተንሳፋፊው ጫፍ ብቻ ከውኃ በላይ እስኪታይ ድረስ አስተካክል። ከዚያ መንጠቆው ላይ ያለው ምግብ መሬቱን ለመንካት ጥቂት ሲቀረው ጀምር። ጀልባ የሚያሳልፈው የካናሉ በር ተከፍቶ ውኃው መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ጨምርና መሬቱ ላይ አስተኛው፤ አለዚያ ምግብህ እየተጎተተ ያልፋል፣ ሮች ደግሞ በብርድ አያሳድድም።

መንጠቆውን ወደ 20 ወይም 22 አሳንሰው (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል)፤ ባርብ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረ እሾህ፣ የሌለው ይሁን። ጫፉ ላይ 15 ሴንቲሜትር ያህል የ0.08 ሚሊሜትር ክር፣ ከላዩ 0.12 ይበቃል። ተንሳፋፊው 0.4 ግራም የሚሸከም ቀጭን ይሁን፤ ከጫፉ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ እስኪቀር ክሩ ላይ ትንንሽ ክብደት ጨምርበት። የጥር ሮች ተንሳፋፊውን ስቦ አያሰምጥም፤ ጫፉን በትንሹ ዝቅ ወይም ከፍ ያደርጋል እንጂ። ወፍራም ጫፍ ያንን አያሳይህም፤ ሦስቱንም ቅዳሜ ሳታውቀው ተነክሶልህ ይሆናል።

ለምግቡ ዳቦን የሚያህል የለም። የሁለት ቀን ነጭ ስላይስ ዳቦ ቅርፊቱን አውጥተህ ፍጨውና በወንፊት ንፋው። መንጠቆው ላይ የሚገባው ግን ትኩስ ዳቦ ነው፦ በጥቂቱ ዳምጠው፣ ዓሣ አጥማጆች ዳቦ በሚበሱባት ትንሽ ቱቦ 5 ሚሊሜትር ክብ ቁረጥ። የቀረውን ስላይስ ፕላስቲክ ውስጥ አቆየው፤ ነፋስ ካደረቀው ከመንጠቆው ይወልቃል። ሲጀመር ከተነፋው ዳቦ ዋልነት የምታክል አንዲት ኳስ ቀለል አድርገህ ጨምቀህ ጣል። አጥብቀህ ከጨመቅካት መሬት ላይ እንደ ድንጋይ ትቀመጣለች፤ የምትፈልገው ደመና ሆና እንድትበተን ነው። ዓሣው መብላት ከጀመረ፣ ንክሻው ቀዝቀዝ ሲል ብቻ ግማሿን የምታክል ጨምር። 40 ደቂቃ ምንም ካልነካ ሌላ አትጨምር፤ አምስት ስድስት ሜትር ተሻገር ወይም ዕቃህን አንሳ። በበጋ ትዕግሥት የሚባለው በብርድ ስንፍና ነው።

ቀኑን ከመረጥክ፣ ከሙቀት በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ውርጭ ተወው። ብርዱ ሦስት አራት ቀን ሳይለዋወጥ ከቆየ ዓሣው ይለምደዋል። ደመናማና ለስላሳ ነፋስ ያለበት ቀን ከሁሉ ይሻላል። የቀለጠ በረዶ ከነመንገዱ ጨው እየገባ ከሆነ ቤትህ ሻይ ጠጣ።

«ለወጥ ቢሆንስ?» ላልከው፣ የውኃው ባለቤት ካልፈቀደ ከካናል መውሰድ ሕገወጥ ነው፤ እዚህ አገር ይህን ዓይነት ዓሣ አውጥቶ መመለስ ነው ልማዱ። የማጥመጃ ዘንግ ፈቃድ ከ13 ዓመት ጀምሮ ለሁሉም ግዴታ ነው፤ የቦታው ፈቃድ ደግሞ ሌላ ነው። ወንዞች ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ይዘጋሉ፤ አብዛኛው ካናል ግን ክፍት ነው። ዓሣውን ውርጭ በያዘ መሬት ላይ አታስቀምጥ፣ ቆዳውን ይልጠዋል፤ እጅህን አርጥበህ ውኃው ላይ እንዳለ ፍታው። የዘንጉ ቀለበቶች በረዶ ከያዙ ጫፉን ውኃ ውስጥ ንከረው፤ ክሩን ከጎተትክ ይበጠሳል።

ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ዳቦውን አስቀምጥ። 16 ቁጥሩን ያኔ መልሰህ እሰር፣ የምድር ትል ግማሹን ስካበት፣ ጥቂት የተከተፈ ትል በጀልባው ጥግ ጣል። ፐርች የሚባለው ዓሣ የሚወጣው በዚያች ሰዓት ነው፤ አንተ ግን ምናልባት ያን ጊዜ ዕቃህን ስትሰበስብ ነበር።