«ሳትለካ ሙላ» ለተባለው ወጣት፣ እና ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች

ውድ አንባቢያን፣ ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ፤ መንግሥት ለጤናና ለውሃ የሚመድበው ገንዘብ ሲቀነስ እኛ ላይ ምን ይደርሳል? የመጀመሪያው ደብዳቤ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። ስለዚህ የእሱ መልስ ረዘም ብሏል፤ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ በአንድ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ኦፕሬተር ሆኜ እሠራለሁ። በጀታችን ከተቀነሰ ወዲህ የክሎሪን መለኪያ ታብሌት አልቆብናል። ይኸው ሦስተኛ ወራችን ነው። አለቃዬ «ሁልጊዜ 0.5 አይደል የሚመጣው? መዝገቡ ላይ 0.5 እያልክ ሙላ» አለኝ። እየሞላሁ ነው። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ የታመመ ሰውም አልሰማሁም። ግን እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር እጄ ይከብደኛል። አጋንኜው ነው?

መልስ፦ ልጄ ብልህ ቅር አይበልህ፤ ከመጨረሻ ልጄ ጋር እኩያ ነህ። አላጋነንክም። እጅህ የከበደው አውቆ ነው።

እኔ 19 ዓመት በውሃ ጥራት ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። ያቺን ታብሌት በደንብ አውቃታለሁ። ብልቃጧን በዚያው በሚለካው ውሃ ታለቀልቃለህ። 10 ሚሊ ሊትር ትሞላለህ። ታብሌቷን ጨምረህ ታደቃታለህ። ክሎሪን ካለ ውሃው ወዲያው ሮዝ ይሆናል፤ ብዙ ካለ ይደምቃል። ከሌለ እንደነበረ ቀለም አልባ ሆኖ ይቀራል። ሥራው በደቂቃ የሚያልቅ ነው። ግን ያንን ሮዝ ቀለም ካላየህ፣ ከጣቢያህ የወጣው ውሃ መንገድ ላይ ጀርም ቢገባበት ክሎሪኑ ይግደለው አይግደለው የምታውቅበት መንገድ የለህም።

አለቃህ «ሁልጊዜ 0.5» ያለው ልክ አይደለም። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ይደፈርሳል። ያን ጊዜ ክሎሪኑ ጭቃውንና ቆሻሻውን ሲታገል ያልቃል፤ ለጀርሙ የሚተርፍ የለም። ሙቀት ባለበት መጋዘን የከረመ የክሎሪን ዱቄትም ኃይሉ ይቀንሳል። ትናንት የጨመርከውን ያህል ዛሬ ብትጨምር ውጤቱ አንድ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ክሎሪኑ ከውሃው ጋር 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም በሊትር ውሃው ውስጥ ይትረፍ የሚለው፣ ሰው ቤት ሲደርስም ከ0.2 እንዳይወርድ የሚመክረው ለዚህ ነው። 0.5 የለካ ሰው የሚጽፈው ቁጥር ነው።

አሁን ዎከርተን የሆነውን ልንገርህ። ዎከርተን በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት ያለች፣ 5 ሺህ ገደማ ሕዝብ የነበራት ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ከባድ ዝናብ ዘነበ። ዝናቡ የከብት ፍግ አጥቦ ጥልቀት ወደሌለው የከተማዋ የውሃ ጉድጓድ አስገባው። ፍጉ ውስጥ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ አደገኛው ዓይነት ነበረ። ኦፕሬተሮቹ ክሎሪኑን በየቀኑ መለካት ነበረባቸው። አብዛኛውን ቀን አልለኩም። መዝገቡ ላይ ግን ለዓመታት 0.5 ወይም 0.75 ብለው ሲሞሉ ኖረዋል። አዎ፣ አንተ የምትሞላው ቁጥር ራሱ ነው። እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ልብ በል። ሜይ 15 ናሙና ተወሰደ። ሜይ 17 ላቦራቶሪው ውሃው መበከሉን ለውሃ አገልግሎቱ አሳወቀ። ለጤና ቢሮው ግን አልነገረም፤ ሕግ አያስገድደውም ነበር። ቀድሞ ይህን ምርመራ ለከተሞቹ የሚሠሩት የግዛቱ መንግሥት ላቦራቶሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 መንግሥት ወጪ እየቀነሰ በነበረበት ጊዜ እነሱ ቆሙና ሥራው ወደ ግል ላቦራቶሪዎች ሄደ። «ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ለጤና ኃላፊው ደውሉ» የሚል ግዴታ ግን አብሮ አልሄደም። ጤና ቢሮውን ያነቃችው አንዲት የሕጻናት ሐኪም ናት። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የያዛቸው ሕጻናት አጋጥመዋት ደወለች። ቢሮው ወደ ውሃ አገልግሎቱ ሲደውል «ውሃው ደህና ነው» ተባለ። ማስጠንቀቂያው የወጣው ሜይ 21 ነው። 7 ሰዎች ሞቱ። ከ2,300 በላይ ታመሙ። ኩላሊታቸው የተጎዳ ሕጻናት ነበሩ።

በዳኛ ዴኒስ ኦኮነር የተመራው ምርመራ የግዛቱ የአካባቢ ሚኒስቴር በጀት ከ40 በመቶ በላይ፣ ሠራተኛው ደግሞ ከ30 በመቶ በላይ መቀነሱን መዝግቧል። ጉድጓዱ ላይ ክሎሪንንና ድፍርስነትን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ወረርሽኙ አይደርስም ነበር ብሏል። ሚኒስቴሩ ያ መሣሪያ እንደሚያስፈልግ የሚያይበት ዓይን ደግሞ በቅነሳው ደክሞ ነበር። የውሃ አገልግሎቱ ሁለት ኃላፊዎች በኋላ ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋታቸውን አምነዋል። በጀቱን የቀነሱት እነሱ አልነበሩም። መዝገቡ ግን በእጃቸው ነበር። አንተንም የምፈራልህ ለዚህ ነው።

አለቃህን ክፉ ሰው ነው አልልም። እጅ ሲያጥር ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። በጀት ሲቆረጥ ቧንቧው ተነቅሎ አይሄድም፤ ፓምፑም በማግስቱ አይቆምም። መጀመሪያ ሥልጠና ይቀራል። ከዚያ መለዋወጫ። ከዚያ የመኪና ነዳጅ፣ ከዚያ መለኪያ። የሚቀረው ሁሉ ማንም የማያየው ነገር ነው።

አንድ ዓመት እኔ በነበርኩበት ቦታ የነዳጅ ገንዘብ በግማሽ ተቀነሰ። ናሙና የምንወስደው ቅርብ ካሉት ቧንቧዎች ብቻ ሆነ። መስመሩ የሚያልቅበት፣ ከጣቢያው የመጨረሻ ሩቅ የሆነው ቧንቧ ተተወ። ክሎሪን ቀድሞ የሚያልቀው ደግሞ እዚያ ነው። የዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ ንጹህ የተባለው ናሙና በመቶኛ ካለፈው ዓመት በለጠ። ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልን። እኔም ፈርሜበታለሁ። ውሃው አልተሻለም፤ እኛ ነን መሄድ ያቆምነው። ያቺ ቧንቧ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች። በድንጋይ የተደገፈች ናት፤ ጥብቅ ተደርጋ ብትዘጋም ትንጠባጠብ ነበር። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ከሥሯ ደርድረው ይጠብቃሉ።

እንግዲህ ምን ታደርግ? ከነገ ጀምሮ ባልለካህበት ቀን «አልተለካም፤ መለኪያ ታብሌት የለም» ብለህ ጻፍ። ያለፉትን ሦስት ወራት አትሰርዝ፣ ገጹንም አትቅደድ። ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንዳልተለካ ከግርጌው ጽፈህ ፈርም። ለአለቃህ በቃል ሳይሆን በደብዳቤ አሳውቅ፤ ቀን ይኑረው፣ ለጤና ቢሮውም ግልባጭ ይሂድ። ከቻልክ ብቻህን አትፈርም፤ የሥራ ባልደረቦችህም እጃቸው ከብዷቸው ይሆናል።

እስከዚያው ሁለት ነገር ይጠቅምሃል። አንደኛው የመዋኛ ገንዳ መለኪያ ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚያው ቀለም በሚለውጠው ኬሚካል ነው፤ ነጻ ክሎሪን፣ ማለትም ከቆሻሻ ጋር ያልተጣመረውን፣ የሚለካውን ምረጥ። ሁለተኛው ሂሳብ ነው። በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ ከለቀቅህና 2 ኪሎ ንጹህ ክሎሪን ከጨመርክ፣ መጠኑ 2 ሚሊግራም በሊትር ነው። የምትጠቀመው 65 በመቶ የሆነውን ዱቄት ከሆነ 3 ኪሎ ያህል መዝነህ ትጨምራለህ ማለት ነው። ይህ የገባውን እንጂ የቀረውን አይነግርህም። ያም ሆኖ ዱቄቱ በድንገት ቶሎ ማለቅ ቢጀምር ወይም ሳይነካ ቢከርም ትነቃለህ። አፍንጫህን ግን አትመን። ሽታ መለኪያ አይደለም።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ዜናው የውሃ በጀት ተቀነሰ ይላል። የእኔ ቧንቧ ግን እንደወትሮው ነው፤ ጥርት ያለ ውሃ ይወርዳል። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይጠፋል። ምኑን ልፍራ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ብሆን የምፈራው እነዚያን ሁለት ቀናት ነው።

ቧንቧ ውስጥ ውሃ በግፊት ሲሞላ፣ ስንጥቅ ቢኖር እንኳ ውሃው ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ከውጭ የሚገባ የለም። ውሃው ሲቋረጥ ግፊቱ ይወድቃል፤ ቧንቧውም ይስባል። አጠገቡ የሚሄድ ፍሳሽ ካለ ወይም ስንጥቁ ጭቃ ውሃ ውስጥ ከተኛ፣ እሱን ነው የሚስበው። ያረጀ ቧንቧ ለመቀየርና ፓምፕ ለመጠገን የተያዘ ገንዘብ ሲታጠፍ ስንጥቁም መቋረጡም አብረው ይበዛሉ። ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ልጆችሽ እንዳይጠጡት። ለተወሰነ ጊዜ አፍስሺው፤ ለጽዳት ይሆንሻል። የሚጠጣውን አፍይው፤ በደንብ ሲንተከተክ አንድ ደቂቃ ይብቃው፣ ከፍታ ቦታ ላይ ከሆንሽ ሦስት። የምታስቀምጪበት ዕቃ አፉ ጠባብ፣ ክዳን ያለው ይሁን። እጅ የማይገባበት።

መጥራቱ ምንም አይነግርሽም። ኮሌራ ያለበት ውሃም ሊጠራ ይችላል። ማፍላትም ሁሉን አያድንም። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የፍሊንት ከተማ ሰዎች ይህን አይተዋል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ወጪ ለመቀነስ ሲባል የከተማዋ ውሃ ከዲትሮይት መስመር ወደ ፍሊንት ወንዝ ተቀየረ። የወንዙ ውሃ ቧንቧ የሚበላ ነበር፤ ዝገት የሚከላከለው ኬሚካል ግን አልተጨመረበትም። ከአሮጌዎቹ ቧንቧዎች እርሳስ (ሊድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ወደ ውሃው ገባ። እርሳስ ለሕጻን አእምሮ «ይህን ያህል ችግር የለውም» የሚባል መጠን የለውም። ብታፈይውም አይጠፋም፤ ውሃው ሲተን ጭራሽ ይበዛል። በዚያው ጊዜ ውሃ ውስጥ በሚራባ ባክቴሪያ በሚመጣው የሳንባ ሕመም፣ በሌጂዮኔር በሽታ፣ ቢያንስ 12 ሰዎች ሞተዋል። የኋላ ኋላ ለነዋሪዎቹ የተፈቀደው ካሳ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የውሃ መሥሪያ ቤቱን «ውሃው ንጹህ ነው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። «ነው» ይሉሻል። እንዲህ በያቸው፦ ለመጨረሻ ጊዜ ናሙና የወሰዳችሁት መቼ ነው? ከየትኛው ቧንቧ? መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ክሎሪኑ ስንት ነበር? ከጎረቤቶችሽ ጋር ሆነሽ ብትሄጂ ይሻላል። ልጅሽን ተቅማጥ ከያዘው ደግሞ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን ወዲያው ጀምሪለት፤ ደም ካየሽበት ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ሐኪሙ ሲመዘግበው አንድ ቁጥር ይጨመራል። አንዳንዴ መበከሉን የሚያጋልጠው ያ ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። መንግሥት ገንዘብ ካጠረው የሆነ ነገር መቀነሱ አይቀርም። እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይቀንሱ ነበር?

መልስ፦ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ገንዘብ እንደሚያልቅ እኔም አውቃለሁ።

እኔ ብሆን አዲሱን ሕንጻ አዘገያለሁ። የምረቃ ድግሱን፣ የመኪና ግዢውን፣ ጉባኤውን እተዋለሁ። ማስፋፊያውንም ለሁለት ዓመት ባቆየው ሰው ይከፋዋል፤ አሁን ውሃ የሚያገኘው ሰው ግን አይመረዝም። በነባሩ ሥራ ላይ ግን ቁጠባው ብዙ ጊዜ ዕዳ ይሆናል። የጀርመኗ ከተማ ሀምቡርግ የኤልቤን ወንዝ ውሃ ሳታጣራ ትጠጣ ነበር። ከተማው የአሸዋ ማጣሪያውን ወጪ ለዓመታት ሲከራከርበት ኖረ። ጎረቤቷ አልቶና ከሀምቡርግ በታች፣ የሀምቡርግ ፍሳሽ ከገባበት ከዚያው ወንዝ ትቀዳለች፤ ግን በአሸዋ ታጣራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 ኮሌራ ሲገባ ሀምቡርግ ውስጥ ከ8,600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሁለቱን ከተሞች በሚለየው መንገድ ላይ በአንድ በኩል ያሉ ቤቶች ሲታመሙ በሌላው በኩል ያሉት ደህና ነበሩ። አፈሩ አንድ ነው፣ አየሩ አንድ ነው። ልዩነቱ ማጣሪያው ነበር።

ስለዚህ የማልነካውን ልንገርህ። ክሎሪኑን፣ መለኪያውን፣ ናሙና የሚያመጣውን ሰው ነዳጅ፣ በየጤና ጣቢያው የተቅማጥ ሕመምተኞችን የምትቆጥረዋን ነርስ አልነካም። ጤና ቢሮ ውስጥ ስልክ የሚያነሳውን ተረኛም አልቀንስም፤ ቅዳሜና እሑድም ቢሆን። ዎከርተን ላይ «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» የተባለው ሜይ 21 እሑድ ነበር።