ፕሮክሲው «አፕግሬድ»ን ለምን ይጥለዋል?

ጥያቄ፦ የሠራሁት የመልእክት መለዋወጫ በዌብሶኬት (ብራውዘርና ሰርቨር በአንድ ክፍት ግንኙነት በሁለቱም አቅጣጫ መልእክት በሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል) ይሠራል። በአንዳንድ የድርጅት ኔትወርኮች ውስጥ ግን ያለ ምስጠራ ሲሞከር አይገናኝም፤ በቲኤልኤስ (ግንኙነቱን በሚመሰጥረው ፕሮቶኮል) ሲሆን ወዲያው ይገናኛል። ብራውዘሩ ላይ የተሞላ ፕሮክሲ (በመሐል ሆኖ ጥያቄ የሚያስተላልፍ አማላጅ) የለም። በመሐል ያለ መሣሪያ ቢኖርስ ዳታውን ከሚያጓጉዘው ከቲሲፒ በላይ ባለው ንብርብር ምን አገባው?

መልስ፦ ምልክቱ የሚያመለክተው ያልተመሰጠረ ኤችቲቲፒ ወደሚጠቀምበት ወደ 80ኛው ፖርት የሚሄደውን ሁሉ ለብራውዘሩ ሳያሳውቅ የሚጠልፍ ፕሮክሲ መኖሩን ነው። የኤችቲቲፒ ፕሮክሲ እንደ ራውተር ፓኬት እያሳለፈ ብቻ የሚቆም አይደለም፤ ከብራውዘሩ የመጣውን የቲሲፒ ግንኙነት ራሱ ዘንድ ይቋጫል፣ ጥያቄውን ያነባል፣ ከዚያም ወደ ሰርቨሩ ሌላ ግንኙነት ከፍቶ ጥያቄውን እንደ አዲስ ይልካል። ስለዚህ የላይኛው ንብርብር ዋና ሥራው ነው።

ኤችቲቲፒም ይህን አስቀድሞ ስላሰበበት እስከ መጨረሻው ተቀባይ የሚዘልቁትን ሄደሮች (ከጥያቄው ጋር የሚላኩ የመረጃ መስመሮች) ለቀጣዩ ተቀባይ ብቻ ከሚጻፉት ይለያል። ግንኙነቱ ከኤችቲቲፒ ወደ ዌብሶኬት እንዲቀየር የሚጠይቀው «አፕግሬድ» ከኋለኞቹ ወገን በመሆኑ ብራውዘሩ ስሙን «ኮኔክሽን» በተባለው ሄደር ውስጥ ይጠቅሰዋል፤ ፕሮክሲ ደግሞ እዚያ የተጠቀሰውን ሁሉ አውጥቶ እንዲያስተላልፍ ደንቡ ያዝዘዋል። ዌብሶኬትን የማያውቅ ፕሮክሲ ይህን ሲፈጽም ሰርቨርዎ ዘንድ የሚደርሰው ተራ የ«ጌት» ጥያቄ ይሆናል፤ የሚጠበቀው የ101 መልስም («ፕሮቶኮሉ ተቀይሯል» የሚለው) አይመጣም። ደንቡን በማክበሩ ሊወቀስ አይገባም፤ የሚወቀሰው ሳይጠሩት መሐል መግባቱ ነው። በግልጽ የተሞላ ፕሮክሲ ቢሆን ኖሮ ብራውዘሩ በ«ኮኔክት» መተላለፊያ እንዲከፍትለት ይጠይቀው ነበር። በቲኤልኤስ ጊዜ ግን ምስጠራውን የማይፈታ ጠላፊ ሄደሩን ስለማያየው ሊነካው አይችልም።

ከዚህ የሚብሰው ሄደሩን ሳያስተውል አሳልፎ ቀጥሎ የሚመጣውን ዳታ እንደ አዲስ የኤችቲቲፒ ጥያቄ የሚያነበው ፕሮክሲ ነው። ተንኮለኛ ድረ ገጽ በዚህ ቀዳዳ ገብቶ የሐሰት ፋይል ለሌሎች ተጠቃሚዎች ጭምር በፕሮክሲው ካሽ (ለድጋሚ ጥያቄ ቅጂ በሚያቆይበት ማከማቻ) ውስጥ ሊያስቀምጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዌብሶኬት ደንብ፣ አርኤፍሲ 6455፣ ብራውዘሩ የሚልከው እያንዳንዱ ፍሬም (የዳታ ጥቅል) በዘፈቀደ በተመረጠ ባለ 32 ቢት ቁልፍ እንዲሸፈን ያስገደደው ለዚህ ነው። ቁልፉ ከፍሬሙ ጋር አብሮ ስለሚጓዝ ምስጢር አይጠብቅም፤ ዓላማው የገጹ ጸሐፊ በመስመሩ ላይ የሚታዩትን ባይቶች መርጦ እንዳይጽፍ መከልከል ብቻ ነው። የፕሮቶኮሉን ቅርጽ የወሰነው፣ እንግዲህ፣ የውሉ ተዋዋይ ያልሆነ ሦስተኛ ወገን ነው።

አገልግሎቱን በቲኤልኤስ ብቻ ይክፈቱት። በሰርቨርዎ ፊት እንደ ኤንጂንኤክስ ያለ ፕሮክሲ ካስቀመጡም ያው ደንብ ስለሚሠራ «አፕግሬድ»ና «ኮኔክሽን»ን እንዲያስተላልፍ በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ በግልጽ ይዘዙት።